ነጻ ነው ያሉን ቀን

ጥቅምት 4
ዛሬም ራሱን አሞት ሥራ ቀረ። "ብየዳው ነው፤ እሳቱ ዓይኔን መትቶት ነው" ይላል ባሌ። መነጽር አድርግ ስለው መች ሰምቶኝ! ራሱን በሻርፕ ጠፍሮ ተኛ። ልብስ አጠብኩ። ዝናብ መጣብኝ፣ መልሼ አስገባሁት።

ጥቅምት 11
ትኩሳቱ አልወርድ አለ። አንገቱም አልታጠፍ... ጠዋት በእህቱ ስም ጠራኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ዓይኑን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ሆስፒታል ነን።

ጥቅምት 12
ሐኪሟ የአንጎል ሽፋን ቲቢ ጠርጥራለች። ከጀርባው፣ ከአከርካሪው መሀል፣ ፈሳሽ በመርፌ ይወሰድ አለች። አማቴ ብድግ አሉ። "የጀርባ ውሃው ተቀድቶ የዳነ ሰው አለ? ልጄን ሽባ ልታደርጊው ነው፣ አንቺ ሴትዮ?"
"እማማ፣ የምወጋው ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው" ብትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።
ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ሚስት ነሽና ወስኚ! እሺ ብዬ አንድ ነገር ቢሆን ገዳዩ እኔ። እምቢ ብዬ ቢሞትም እኔ። ምን አባቴ ላድርግ?
ይወሰድ አልኩ።

ጥቅምት 13
ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈው ወጉት። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈሳሹ ጠብ... ጠብ... እያለ ወረደ። ቀስ ማለቱ!
ከሰዓት አማቴ የላቦራቶሪውን ሰውዬ ኮሪደር ላይ ያዙት። "በማይክሮስኮፕ ነጻ ነው፣ እናቴ" አላቸው። ነጻ! እልልታውን አቀለጡት። እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመሩ፤ ወደ ቤት።
ሐኪሟ እየሮጠች መጣች። "ነጻ ማለት አልታየም ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም! ይሄ ጀርም ፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ያመልጣል። የፈሳሹ ስኳር ወርዷል፣ ፕሮቲኑ ጨምሯል፤ ይሄ የቲቢ ምልክት ነው። መድኃኒት ዛሬውኑ እንጀምር፤ ነገ በዛ ያለ ናሙና ወስደን በሌላ ማሽን እናያለን።"
"ነጻ ለሆነ ሰው ምን መድኃኒት?" አሉ አማቴ። እውነታቸውን እኮ ነው! እኔስ ምን ገባኝ? ብቻ ባሌ ራሱን አያውቅም። ነጻ ሰው እንዲህ ይሆናል?
ብርድ ልብሱን ከእጃቸው ነጠቅኩ። አማቴን! መድኃኒቱን ጀመሩለት።

ጥቅምት 14
ደግመው ወጉት። ከአልጋው ወዲያ እሳቸው፣ ወዲህ እኔ። ሽንት ቤት መሄድ እንኳ ፈራሁ... ስመለስ ይዘውት ሄደው ቢሆንስ?

ጥቅምት 16
ማሽኑ አገኘው። ቲቢ ነው። ደስ አለኝ... ወይ ጉድ! ባሏ ታመመ ሲሏት ደስ የሚላት ሴት። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እሱ ግን አልነቃም።

ጥቅምት 20
ያው ነው።

ኅዳር 2
ነቃ! ዓይኑን ገልጦ አየን። "ውሃ" አለ። አማቴ ኩባያውን ይዘው ግማሹን ደረቱ ላይ ደፉት። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ እንለፈልፋለን... አወቅከን? ያምሃል? ራበህ?
ተቆጣ። "ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? ጮክ በሉ እንጂ!"
ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን እየጮህን ነበር።
ሐኪሟ ከጀርባው ቆማ አጨበጨበች። አልዞረም። በሽታው የመስሚያውን ነርቭ ነክቶታል አለች፤ ይመለስ አይመለስ አታውቅም።
መርፌው ነው፣ አንቺ ነሽ ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አማቴ ትከሻዬን ይዘው ወደ ጆሮው አስጠጉኝ።
"ጩኺለት፣ ልጄ" አሉኝ።