የነብሮ መጽሐፍና የሶስና መርዶ

ለውዴ ለአያልነሽ፣

እንደምን አለሽ ማለት አልችልበትም፤ አንቺም እንደምን አለህ ብትይኝ መልሱ ይቸግረኛል። በግንቦት ተለየሽኝ፣ ይኸው ኅዳር ተጋመሰ። ያኔ የጋፋት ገበሬ ማሳውን እየደጋገመ ያርስ ነበር፣ አሁን አውድማ እየለቀለቀ ነው። ዛሬ መብራት ስለጠፋ ወፍጮው ቆሟል። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ጆንያቸውን ትተው ገበያ ወጥተዋል። እኔም ዱቄቴን ሳላራግፍ ከወፍጮ ቤቱ በር ተቀምጬ ይኸን እጽፍልሻለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው ልበልሽ? አይደለም። ቀይዋን ላም እናትሽ ወስደዋታል፤ አንተ ከወፍጮህ ጋር እየዋልክ ማን ሊያልባት ነው ብለው። የጓሮው ጌሾ ደርቋል። ሽሮ ስሠራ ይጓጉልብኛል። ልጃችን ሶስና ጓጉሉን በጣቷ እየለቀመች ከሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች እንጂ አንድ ቃል አትናገረኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስተኛ አሁንም በግድግዳው በኩል ተጠግቼ ነው፣ ያንቺን ቦታ አልደፈርኩትም። የእድሩ ሰዎች ገና አፈርሽ ሳይደርቅ ይኸ ቤት ሴት ያስፈልገዋል እያሉ ይነካኩኛል፤ በጄ አላልኳቸውም። ወፍጮው ሲጮህ ደህና ነኝ። ሲቆም ነው ጉዱ።

ልነግርሽ የተቀመጥኩት ግን ስለ ውሻ መጻሕፍትሽ ነው። አፀደ ሕፃናቱ ውስጥ ስታስተምሪ፣ ተቀዳዱ ተብለው ሊጣሉ የነበሩትን የሥዕል መጻሕፍት ሰብስበሽ አመጣሽና በፕላስተር ጠጋገንሻቸው። ሁሉም የፈረንጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም የውሻ ሥዕል። በአንደኛው ውሻው ይጠፋል፤ በሌላው አያቱ የሞቱበት ልጅ ከውሻው ጋር ተቃቅፎ ይውላል፤ ሶስና በምትወደው ደግሞ ውሻው ራሱ አርጅቶ ይሞታል። ውሻ አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ሳይ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅኩት። ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል እንጂ በአልጋ ይተኛል ሲባል አልሰማሁም ብዬ ስቀልድ በማማሰያ አባረርሽኝ።

አንቺ ግን ሥዕሉን እያየሽ የራስሽን አማርኛ ታነቢበት ነበር። አልጋውን መደብ አልሽው፣ ውሻውን ነብሮ አልሽው። ነብሮ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን እህትና ወንድም በየቀኑ ከበር ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። አንድ ቀን ሲመጡ በሩ ላይ ማንም የለም። ነብሮ ሞቷል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ከዛፍ ሥር ይቀብሩታል፣ ከዚያ ስለሱ ሲያወሩ ከርመው ከርመው መጨረሻ ላይ ትንሽ ይስቃሉ። ይኸው ነው ታሪኩ። ሶስና በጭንሽ ተቀምጣ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እንጃ።

የአንዲት ተማሪሽ አባት ልጄ ለውሻ ስታለቅስ አመሸች፣ ይኸ ሟርት ነው ብለው ሊጣሉሽ የመጡ ቀንስ? እውነትም በኛ አገር ውሻ ሲሞት እግሩን ጎትቶ ፈፋ መጣል ነው እንጂ ማን ለቅሶ ይቀመጥለታል! አንቺ ሰውየውን በርጩማ ሰጥተሽ አስቀመጥሽና፣ ሕፃን ልጅ ማልቀስ የሚለማመድበት ነገር ይፈልጋል፣ በወረቀት ውሻ ይጀምር፣ ብለሽ መለስሽላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ቤት መጥተሽ ስትነግሪኝ እኔም ከሰውየው ጋር ነበርኩ።

ከዚያ አንቺ ታመምሽ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ሶስናን እህትሽ አንበሳሜ ወሰደቻት። አስከሬንሽ ሲመጣ፣ ስትቀበሪ፣ አርባሽ ሲወጣ ልጅሽ እዚያው ነበረች። የስድስት ዓመት ሕፃን መርዶ አይችልም፣ ልቧ ይሰነጠቃል፣ ከፍ ስትል ይነገራታል አሉ ሽማግሌዎቹ። እኔም ያን ጊዜ የምከራከርበት አንደበት አልነበረኝም። ሶስና ስትመለስ፣ እናትሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች ተባለች።

ሰፈሩ በሙሉ የዚህ ውሸት ዘበኛ ሆነ። እናትሽ ጥቁር ነጠላቸውን ጎረቤት አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን አብሰው ወደኛ ይገባሉ። ፎቶሽን ከግድግዳው አወረድነው። አምልጦን እንዳናለቅስ ብለን ስምሽን መጥራት ተውን። ጢምህን ለምን አትላጭም ብትለኝ ምላጭ ጠፋ አልኳት፤ በነጋታው ከሐጂ ሱቅ ምላጭ ይዛልኝ መጣች። ሐጂ ምን ይበሉ፣ ሰጥተዋታል።

ይባስ ብሎ ደግሞ የስልኩ ነገር መጣ። እማዬ ለምን አትደውልም ብላ ስታስጨንቀን፣ ድምፅዋ ካንቺ ጋር ስለሚመሳሰል እህትሽ ከአንበሳሜ ደውላ አንቺን ሆነች። አያልዬ፣ ይኸን ስትሰሚ ምን ትይን ይሆን? እንዳንቺው ማሬ አለቻት። ሶስና ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ሰማች ሰማችና፣ ለጥምቀት ካልመጣሽ እናቴ አይደለሽም አለች። እህትሽ ስልኩን ዘጋችው። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኛው ግን ባደረ ቁጥር ከበደን።

በጥቅምት የሶስና አስተማሪ፣ ያቺ ባልደረባሽ የነበረችው፣ አስጠራችኝ። ሶስና አንድ ልጅ ነክሳለች። ልጁ እናትሽ የት ናት ብሎ ቢጠይቃት፣ እናቴ ጠልታኝ ሄደች ብላ ከመለሰች በኋላ ክንዱን ነከሰችው። አስተማሪዋ ሌላም ነገረችኝ፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማሁትም። አንቺን! የጉና ብርድ እንዳይነካት በየጠዋቱ ቀሚሷን በብብትሽ አሙቀሽ የምታለብሻትን ሴት ጠላችኝ ትበልሽ? እመቤቴን እልሻለሁ፣ ስትቀበሪ እንኳ እንደዚያ አላንገበገበኝም።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከቅዳሴ ተመልሰን ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ ሶስና የነብሮን መጽሐፍ ይዛ መጥታ አንብብልኝ አለችኝ። አንብቤላት አላውቅም፤ ማንበብ ያንቺ ነበር። የፈረንጁን ጽሑፍ ባልችልም አንቺ ስታነቢ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ታሪኩን ለምጄዋለሁና ሥዕሉን እያየሁ ጀመርኩ። ነብሮ ሮጠ፣ ነብሮ አጥንት ደበቀ፣ ነብሮ አረጀ። በሩ ባዶ የሆነበት ገጽ ላይ ስደርስ ፈጥኜ ገለጥኩት። ከዚያ፣ አይ የኔ ነገር፣ ነብሮ አሞት ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እንደሱ አይደለም፣ ነብሮ ሞቷል፣ እማዬ እንደዚያ ነው ያነበበችልኝ አለች። እኔም ድርቅ ብዬ የለም ሄዶ ነው፣ ይመጣል አልኳት። መጽሐፉን ከእጄ ቀምታ ጣቷን ልጆቹ ላይ አደረገችና ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ አለችኝ። ቆጣ ብላ ቀጠለች፦ ነብሮ ጥሏቸው አልሄደም አባዬ፣ እሱ እኮ ይወዳቸዋል፣ ባይሞት ኖሮ በሩ ላይ ይቆም ነበር።

ከዚህ ወዲያ ምን እላለሁ? እጇን ይዤ፣ እናትሽም እንደዚያው ናት አልኳት። አልጠላችሽም። ጥላሽም አልሄደችም። ሞታ ነው አልኳት።

አላለቀሰችም መጀመሪያ። አልጠላችኝም? አለች። አልጠላችሽም አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ መለስኩላት። እንደገና ልትጠይቀኝ ስትል ቃሉን ሳትጨርስ ለቅሶው ቀደማት። አያልዬ፣ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

እናትሽ ጩኸቷን ሰምተው ከጎረቤት እየሮጡ መጡ። ነገሩ ሲገባቸው በኔ ላይ ጮኹብኝ። መርዶ በጠራራ ፀሐይ? ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ንስሐ አባት፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ? ልጄን ቀብሬ የልጅ ልጄን ልትገድላት ነው ወይ አሉ። እውነት አላቸው፤ መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ መርዶ ነጋሪው ተመርጦ ነው። እኔ ግን የነበረኝ አንድ የተጠጋገነ የውሻ መጽሐፍ ነው። ሶስና አያቷን አይታ፣ እማዬ እኮ ሞታለች አለቻቸው፣ እሳቸው ያልሰሙ ይመስል።  እናትሽ ያን ነጭ ነጠላ ከላያቸው ገፈው ጣሉትና ልጅቷን አቅፈው፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፍነው የያዙትን ለቀቁት።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ድንኳን ባይጣልም አግዳሚ ወጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ለሦስት ቀን ሰው ሲመጣ ሰነበተ፤ ለሶስና። ትልልቅ ሰዎች እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብለው እግዚአብሔር ያጥናሽ ይሏታል፣ እሷም አያቷን አየት አድርጋ አሜን ትላለች። ሐጂም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሴቶቹ ሙያሽንና ደግነትሽን እያነሱ ሲያለቅሱ፣ እሷም የበኩሏን፣ ቀሚሴን ታሞቅልኝ ነበር አለች። ያኔ ያልፈሰሰ እንባ የለም። የነከሰችው ልጅ ሳይቀር ከአስተማሪዋ ጋር መጣ። በሦስተኛው ቀን መቃብርሽ ወሰድኳት፤ አፈሩን በእጇ ዳሰሰችና ይቀዘቅዛል አለች።

አሁን ደህና ናት። ፎቶሽ ተሰቅሏል፤ ስምሽ ቀኑን ሙሉ ይጠራል። ወፍጮ ቤት ተራ ለያዙ ሴቶች ሳይጠይቋት፣ እናቴ ሞታ ነው እንጂ አልጠላችኝም ትላቸዋለች፤ እነሱም በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። መንፈቅሽ ሲታሰብ ከፊት ቆማለች። መጽሐፉን በየእሁዱ ታነብልኛለች፤ እኔ ሳነብ ከተሳሳትኩ ትቆጣኛለች።

እኔ ግን ባሰብኝ፣ አያልዬ። አዲስ አበባ ናት፣ አዲስ አበባ ናት ስል ከርሜ ለካ ራሴንም አታልዬው ኖሯል። ስልክ ሲጠራ ልቤ ዘሎ ይነሳ ነበር። እህትሽ አንቺን ሆና ስታወራ፣ ውሸቱን እያወቅኩ፣ ከሶስና ኋላ ቆሜ ለድምፅሽ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር። ስትቀበሪ ቆሜ አይቻለሁ፣ አፈር ጥያለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አልሞትሽብኝም። የሞትሽብኝ ያን እሁድ፣ በገዛ አፌ ለልጅሽ ስነግራት ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ እሷን ሊያጽናና ሲመጣ እኔን በአጠገቤ አለፈኝ፤ የኔ ለቅሶ በግንቦት ያለቀ መስሎት። ማን ይፈርድበታል? እኔም አግዳሚ ሳነሳና ሳወርድ፣ ንፍሮ ሳቀርብ ዋልኩ፣ ገና ትላንት የተረዳሁ ሆኜ ሳለ።

እስከዛሬ ያሰብኩሽ እንደምትመለስ ሰው ነበር። ከእንግዲህ እንደሞተ ሰው አስብሻለሁ። ሙት ዓመትሽን አወጣለሁ፣ ሶስና ስላንቺ የጠየቀችኝን ሁሉ ሳልዋሽ እመልስላታለሁ፤ ቁጣሽን፣ ሳቅሽን፣ በማማሰያ ያባረርሽኝን ሳይቀር። ያንቺን ማስታወስ ለሌላ ሰው አልተውም።

ይኸን እንድጽፍልሽ ያደረገችኝ እሷው ናት። ዛሬ ጠዋት መብራት ሲጠፋና ወፍጮው ዝም ሲል፣ በሩ ላይ እንዲሁ ተቀምጬ አገኘችኝ። ምንም ሳትጠይቅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ቀሚሷ ዱቄት ሆነ። ትልልቆቹ እንዳሏት አንገቷን ደፍታ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ አባዬ አለችኝ።

አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ልቤ የሰማው የመጀመሪያው ያጥናህ ነው። አሜን አልኳት።

ባልሽ