ሁለት ጊዜ የሚያንኳኳው መጻፊያ

ይድረስ ለምራቴ፣ ለልጅ ልጄ እናት፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለው? በአዲሱ ሥራሽ ተቀምጠሽ ነው የምትውዪው ወይስ ቆመሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም አርጅቷል፣ አልፈርድበትም። ልጅሽም ደህና ናት። ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች። ፊደል ባልቆጥርም አልታለልም፤ መልሳ ታነብልኛለች። ከአፌ የወጣውን ሁሉ ሳትመርጪ ጻፊ ብያታለሁ።

እዚህ ላይ አስቀምጪው።

ነገሬ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። እንደምታውቂው ልጅሽ የስልክ አፕ መሥራት እየተማረች ነው። አስተማሪው ኮዱን የምትጽፉበትን ፕሮግራም በየራሳችሁ ምረጡ አላቸው። ሳቄ መጣ። እኔ እንጨት ሥራ ስጀምር ማን ምረጥ ብሎኝ? መላጊያ ሰጡኝ፣ ላግ አሉኝ፣ ላግሁ። እሷ ግን አንዱን ስትጭን ሌላውን ስትነቅል ሰነበተች። አንዱ ቀላል ነው፤ ስትሳሳት ግን ዝም ብሎ ያያታል። ሌላው ከባድ ነው፤ ጥፋቷን እዚያው ይነግራታል። የሚነግርሽን ያዢ አልኳት። እሱን መረጠች።

ከባዱ እንዲጫን ታዲያ የአባቷ ኮምፒውተር ከነሥሩ መታደስ አለበት አሉ። ከታደሰ ደግሞ አባቷ ይሠራበት የነበረው የድሮው መጻፊያ ፕሮግራም ከዚያ ወዲያ አይከፈትም። አስተማሪው እስከ ሰኞ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያልጫነ ከክፍሉ ይወጣል ብሏል። አንቺም በስልክ፣ የድሮውን ተዪውና አድሺው ስትያት ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።

ልጅቷ ግን አልጨከነችም። ሆዷ እንቢ አላት።

ይኸው እዚህ ስትደርስ እጇን አቁማ ታየኛለች። ጻፊ። ደብዳቤው የኔ ነው።

ያንን መጻፊያ ታውቂዋለሽ፤ ጥቁሩ፣ ፊደሉ ትልልቁ። ልጄ የጻፈውን ባስቀመጠ ቁጥር መጻፊያው ሁለት ጊዜ ያንኳኳ ነበር። የማሽኑ ድምፅ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፤ የገዛ ጣቱ ነው። እኔ የሠራሁለትን ጠረጴዛ በጣቱ አንጓ መትቶ፣ ድምፁን ቀርጾ መጻፊያው ውስጥ ከተተው። ምን ያደርግልሃል ስለው፣ አንተስ እንጨት ገጥመህ ስትጨርስ ሁለቴ አንኳኩተህ አይደል የምትነሳው አለኝ። በኔ መቀለድ ይወድ ነበር።

ከቀበርነው ወዲህ እሱ ይሠራበት የነበረው ክፍል ድምፅ አልነበረውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ የወንበር እግር ሳጣብቅ ከውስጥ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ። ኮላው እጄ ላይ ደረቀ። መንፈስ ምናምን የምፈራ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን ግባ ብያለሁ። ግባ።

ልጅቷ ነበረች። አዲሱን ትምህርት መጀመሪያ በአባቷ መጻፊያ ልትሞክረው ከፍታው ነው።

አስቀምጪው።

ድምፁን ብቻ ስልክህ ላይ ልገልብጥልህ አለችኝ፤ ተይው አልኳት። ስልክ ላይ የሚያንኳኳው እኔ ስነካው ነው። እዚህ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ሲሠራ ውሎ ነው የሚያንኳኳው። ልዩነቱ ላንቺ ይገባሻል። አንቺም ከዚያ ክፍል አጠገብ ተኝተሽ ነው የኖርሽው።

ለማንኛውም አትቆጪ። ልጅቷ በኔ ምክንያት ከትምህርቷ አትወጣም፤ እንደዚያ ያለ ሽማግሌ አይደለሁም። ተስማምተናል፤ ይህ ደብዳቤ ሲያልቅ ታድሰዋለች። ይህንንም የምትጽፈው በአባቷ መጻፊያ ነው። ከጠዋት ጀምረን ይኸው ፀሐይ ዞራ በዚህ በኩል ባለው መስኮት ገብታለች። ጣቴ ደከመ አባባ ትላለች። ትንሽ ቀረኝ እላታለሁ።

የጎረቤት ውሻ ወልዳለች። የበሩ ማጠፊያ ይጮህ ነበር፣ ዘይት አጠጣሁት። የላክሽው ሹራብ ልኬ ነው። ሌላ ምን አለ? ቆይ፣ አለ። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል።

አስቀምጪው። ድገሚው።

በይ እንግዲህ። ፈጣሪ እጅሽን ያበርታው፣ ከወጣሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ፣ የልጅሽን ፍሬ ያሳይሽ። እኔን ካገኘሽኝ መልካም፤ ካላገኘሽኝ ጠረጴዛው ያንቺ ነው፣ ለማንም አትስጪው።

የባልሽ አባት

አሁን አስቀምጪው፣ ልጄ።

ግባ።