ወንድምህ ሳይምል ቀረ

ገዳሪፍ ላለኸው ልጄ ለሙላት፣ የማርቆስ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኔ እግሬን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ገብሱን ግን ዋግ መታው።

የወንድምህን የእንዳላማውን ነገር ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። በጣሊያኖቹ ጋራዥ ይሠራ እንደነበር ታውቃለህ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ካሚዮኖቹ ወታደር ጭነው ጉንደ ወይንን ሊያቃጥሉ ሲሉ አንዱም አልነሣ አለ። አብሮት የሚሠራው ሐምዱ እንደነገረኝ፣ መካኒኩ መብራት አብርቶ ማስነሻውን ቢጫነው ሞተሩ ጭጭ አለ፤ መብራቱ ግን ቅንጣት አልደበዘዘም።

«ባትሪው ደህና ነው፤ ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚሄደው ሽቦ ነው» አለ። ከሥር ገብቶ ሽቦውን ቢከተለው፣ የሁሉም በቢላ ተቆርጧል።

የጣሊያኖቹ ሹም ቄስ አስጠርቶ ሠራተኛውን ሁሉ «አልቆረጥንም ብላችሁ ማሉ» አለ። ሐምዱ በቁርኣን፣ ሌሎቹ በመስቀል ማሉ። እንዳላማው መስቀሉን ተሳልሞ ዝም አለ። ሽቦውን ሲቆርጥ ያልፈራ ልጅ በሐሰት መማል ፈራ። ቅዳሜ ገበያ መሐል ሰቀሉት። የጉንደ ወይን ሰው ግን እስከዚያ ልጁንም ከብቱንም ይዞ ቆላ ወርዶ ነበር።

ካህናቱ «ሰማዕት ነው» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ጡቴን ያጠባሁት ለዚህ አልነበረም።

እመቤቴ በሰላም ታግባህ። ስትመለስ መንገድ ላይ ይዘው «ማል» ቢሉህ ግን፣ ልጄ፣ ማል። ንስሐውን እኔ እጾምልሃለሁ።

እናትህ የብርጓል