«አዲስ አበባ ሄዳለች» ያልሻት ልጅሽ

እማዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ ተቀይሜሽ ነው። የሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም ይላሉ። እኔ ግን ይዣለሁ፤ ከማን ደብቄው እኖራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሰዒድ፣ ያ የመጨረሻው ልጅሽ፣ ወልቂጤ ለከፍተኛ ትምህርት ገብቷል። ረዲያ አስተማሪ ሆናለች፣ ከቡታጅራ ትንሽ ወጣ ብላ ገጠር ነው የደረሳት። ሙኽታር ሱቁን አስፍቶታል። በክረምት ያስቸግርሽ የነበረው ጣሪያ ተቀይሯል፣ የጓሮው እንሰትም ደህና ነው። የበርበሬ ንግድሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደንበኞችሽ እስከዛሬ የሚጠሩኝ ባንቺ ስም ነው።

አሁን የተቀየምኩበትን ልንገርሽ። የሰደቃሽ ዕለት፣ አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አጠገቤ ተቀምጠው «እግዜር ያጽናሽ» ካሉኝ በኋላ፣ «ዘይነባ፣ ከአዲስ አበባ መቼ መጣሽ?» አሉኝ።

«እኔ ከቡታጅራ ወጥቼ ኖሬ አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እናትሽ እኮ አባትሽ በሞቱ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ነግራኛለች። አዲስ አበባ አጎቷ ጋ ልኬያታለሁ፣ እዚያ ትማራለች አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እዚሁ መሆንሽን ባውቅማ ቤታችሁ መጥቼ እወስድሽ ነበር።»

ይወስዱኝ ነበር እማዬ። አንቺም ታውቂያለሽ። የጎረቤታችንን የሰሚራን አባት እየተመላለሱ ለምነውና ተቆጥተው እሷን ክፍል መልሰዋታል። ሰሚራ ዛሬ ነርስ ናት። ያኔ ወደ እነሰሚራ ቤት ሲመጡ የሚያልፉት በእኛ በር ነበር። አንቺ ደግሞ «ትምህርት ያቆመ ልጅ ሲያዩ ይገርፋሉ፣ እንዳያዩሽ» ብለሽኛል። ስለዚህ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ሰዒድን እንዳዘልኩ ጓሮ እገባና እንሰቱ መሃል ቁጢጥ እል ነበር። ልጁ እንዳያለቅስ ጣቴን አጠባዋለሁ። ሊያድነኝ ከሚችለው ሰው የደበቅሽኝ በገዛ እግሬ ነው።

ችግርሽን አልረሳሁም። አባባ ሲሞት ሰዒድ ጡት አልጣለም ነበር። በየገጠሩ እየዞርሽ በርበሬ ካልሰበሰብሽና ካልሸጥሽ አንበላም። አባባ በሞተ በወሩ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አስቀምጠሽኝ፣ «ዘይኔ፣ ሰዒድ በእግሩ እስኪሄድ ብቻ ቤቱን ያዢልኝ። ከዚያ ትመለሻለሽ። እናትሽ ነኝ፣ አልዋሽሽም» አልሽኝ። አመንኩሽ። እንኳን ያንን፣ ፀሐይ በማታ ትወጣለች ብትዪኝም አምንሽ ነበር።

ውኃ ከቦኖ ማምጣቱ፣ ቆጮ መጋገሩ፣ የሽንት ጨርቅ ማጠቡ፣ ሙኽታርንና ረዲያን አጣጥቦ ትምህርት ቤት መስደዱ የእኔ ሆነ። ደብተራቸውን የምይዝላቸው እስከ ዋናው መንገድ ነው፤ እዚያ ስደርስ እሰጣቸውና እመለሳለሁ። ሰዒድ ሲጫወት እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አላየሁትም። በአንድ እጄ እያማሰልኩ በሌላው እይዘዋለሁ። ማታ ስትመጪም አልቀለለኝም፤ እጅሽ በበርበሬው ስለሚያቃጥል የሕፃኑን ፊት መንካት አትችዪም ነበር። ልትስሚው ጠጋ ስትዪ እያለቀሰ እኔ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ «እማ» ያለውም እኔን ነው። አንቺ ሳቅ ብለሽ ወደ ጓሮ ወጣሽ፤ ብዙ ቆይተሽ ተመለስሽ። የዚያን ቀን አዘንኩልሽ።

ሰዒድ በእግሩ ሄደ። ያን ሳምንት ደብተሬን ከሳጥን አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። አንቺ ግን «ረዲያ ትንሽ ትጠንክር» አልሽ። በዓመቱ ጠየቅኩሽ፣ «እናያለን» አልሽ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። ያኔ ድህነታችን ነው ያስቀረኝ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። በድህነት የቀረ ሰው የሚቀየመው የለውም። አንቺ ግን ቃል የገባሽልኝ በሩን ከዘጋሽ በኋላ ነው።

የእኔ ልጆች ሁለት ሆነዋል። ሐያትን ታውቂያታለሽ፤ ሙአዝ ግን አንቺ ካለፍሽ በኋላ ነው የተወለደው። ባለቤቴ ጀማል አሁንም ሚኒባስ ይነዳል። ባለፈው ከገበያ ስገባ ቤቱ ተጠርጓል፣ ዕቃው ታጥቧል፣ ወጡ ወጥቷል። ሐያት ሙአዝን አዝላ እሹሩሩ ትላለች። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ናት፤ በዚያ ሰዓት ክፍል መሆን ነበረባት።

«ልጁን የምትይዝልሽ ሴትዮ ለቅሶ ሄደች» አለችኝ። «ምንም አይደል እማ፣ ነገ እማራለሁ።»

እውነቱን ልንገርሽ። ከመናደዴ በፊት ደስ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ያ የተሰናዳ ቤት አሳረፈኝ። ከዚያ ያ ደስታ ራሱ አስፈራኝ። አንቺም ልክ እንዲህ እንደጀመርሽ ገባኝ። ሆኖም መግባቱ ንዴቴን አላበረደውም፤ እኔ ያየሁትን አንቺም አይተሽዋል ማለት ነውና።

ሙአዝን ከጀርባዋ አወረድኩና ሐያትን በዚያው ሰዓት ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ጀማል ሲመጣ፣ «ከእንግዲህ ገበያ የምወጣው አንተ ቤት ስትሆን ብቻ ነው» አልኩት።

«መኪናውን ማን ይንዳልሽ?» አለኝ።

«እሱን አንተ አስብበት። ልጄ ግን ከክፍሏ አትቀርም።»

ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። በኋላ በትልቁ ገበያ ቀን መኪናውን ለረዳቱ እየሰጠ ቤት መዋል ጀመረ። ገንፎው እየጓጎለበት ነው፣ ግን ልጁ ለምዶታል። እኔም ሌላውን ቀን ከሰዓት አልነግድም። ገቢያችን ቀንሷል፣ ቤቱም እንደ ድሮው አይደለም። አማቴ ያልታጠበ ዕቃ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ይምጠጡ። ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመጣ የያዝኩትን ጥዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ መቀመጡን አልቻልኩበትም ነበር፤ እጄ የሚይዘው ያጣል። አሁን ስታነብልኝ እሰማታለሁ፤ አንዳንዱን አብረን ነው የምንማረው።

ለዐረፋ ሁላችንም እቤትሽ ተሰበሰብን። ምሳ ቀርቦ ዱዓ ሲደረግ ሙኽታር «እናታችን ያለ አባት ሁላችንንም አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አበቃችን» አለ። ሁሉም አሚን አለ። እኔ የማስታጠቢያውን ጆግ ይዤ ቆሜ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሰዒድ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፤ መጥቶ ጆጉን ከእጄ ተቀብሎ «ተቀመጪ አንቺ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ጋሽ ተክሌ የነገሩኝን ለእነሱ አልነግራቸውም። እነሱ ያስተማረቻቸውን እናት ያስታውሱ፤ እውነታቸውን ነው። ያቺን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ የዋሸችውን እኔ አስታውሳታለሁ። በየሰላቴም ስምሽን እጠራለሁ፣ አንድም ቀን ዘልዬሽ አላውቅም። «አላህ ይማርሽ» እላለሁ። «እኔም ምሬሻለሁ» የሚለው ግን እስካሁን ከአፌ አልወጣም። የወጣ ቀን መቃብርሽ ድረስ መጥቼ ራሴ እነግርሻለሁ፤ ከሌላ ሰው አትሰሚውም።

ልጅሽ ዘይነባ