ብርድ አላውቅም ያልኩበት ቤት

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1964 ዓ.ም.

ቆርቆሮው ዛሬም አላስተኛንም። ነፋሱ ከባሕሩ ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ሲያልፍ ጧ ብሎ ይወርዳል። ሲያጨበጭብልን አደረ። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የምስክር ወረቀት ስቀበል እንኳ እንዲህ አልተጨበጨበልኝም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። አምና በጥር ስፈርም ጣቴን ቀለም እነክር ነበር። ዛሬ ደብተር ገዝቼ፣ ቀኑን ከላይ አስፍሬ፣ አራት ነጥቤን እየደረደርኩ እጽፋለሁ። ከወደቡ ጭነት አሳሪዎች እንደኔ የሚጽፍ የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ቤቱን ልመዝግበው። ሰፈሩ «የተማሪዎች ቤት» ይለዋል። ሦስት ሆነን ነው የተከራየነው። ሙሉጌታ የደሴ ልጅ ነው፤ ቀን ሁለተኛ ደረጃ ይማራል፣ ማታ እኛን የወደብ ሠራተኞችን ፊደል ያስተምራል። በዕድሜ ታላቁ እኔ ነኝ፣ በፊደል ግን አባቴ እሱ ነው። ስለዚህ እኔ «የኔታ» እለዋለሁ፣ እሱ «ጋሼ» ይለኛል። ዓሊ የራሔይታ አፋር ነው፣ የሙሉጌታ የክፍል ጓደኛ። ንግግር አያበዛም። የእሱንም ድርሻ እኔ እናገርለታለሁ።

አሁን ጉድለቱ። ቆርቆሮው ሚስማሩን ጥሏል። የውጭው በር ማጠፊያ በሽቦ ነው የታሰረው። መታጠቢያው ጭራሽ በር የለውም፤ የሚታጠብ ሰው ሌላው እንዳይገባበት ይዘፍናል። ዓሊ ስለማይዘፍን ያጨበጭባል። ከሁሉ የባሰው ግን መስኮቶቹ ናቸው። ሁለቱም መዝጊያ የላቸውም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያለባቸው።

አሰብ ላይ ብርድ አለ ብል አገሬ ያለ ሰው ይስቅብኛል። ግን ሁለት ሐምሌ እዚህ የቀለጠ ሰው ደሙ ይቀጥናል። ጥር ገብቶ የባሕሩ ነፋስ ሲነሣ ሰው በጠዋት ሻዩን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

ሙሉጌታ ያስላል። እኔ አልበረደኝም። እጄ የሚንቀጠቀጠው ከመጻፍ ብዛት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ሙሉጌታ ዛሬ ለአከራያችን ለባሻ ወልዴ ሊነግራቸው ሄደ። ባሻ የድሮ ወታደር ናቸው። ከኅዳር ወዲህ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ያያቸው የለም። ለማዕረግ ነው ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን የተከራየነው በሐምሌ ነው፣ ሙቀቱ ሰው በሚቀቅልበት። ያኔ መስኮቶቹ የጣውላ መዝጊያ ነበራቸው። እኔ ባሻን ይንቀሉልን አልኳቸው፤ በደብረ ብርሃን ልጅና በነፋስ መካከል ጣውላ አይገባም አልኩ። በጥር ትፈልጉታላችሁ አሉኝ። ይኼኔ ነው አፌ የተከፈተው። ባሻ ዘወትር በሚቀመጡበት ሱቅ በር ላይ፣ ባለሱቁን ሐጂን ምስክር አድርጌ፣ በረደኝ ብዬ ደጅዎ ከቆምኩ ደብረ ብርሃን አልተወለድኩም አልኳቸው። መንገደኛው ሳቀ። ሙሉጌታም ዓሊም ሳቁ። ባሻ ብቻ ሳይስቁ መዝጊያዎቹን ነቅለው ወሰዱ።

ዛሬ ለሙሉጌታ የመለሱለት ይህን ነው፦ «ቃሉን የሰጠኝ ደምሴ ነው። በርዶት ከሆነ ራሱ ይምጣ፣ ሐጂ ባለበት ይንገረኝ።»

ሙሉጌታ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። ዓሊ ግን አየኝ። ተዉት፣ እኔ በሌላ መንገድ እጨርሰዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ሙሉጌታ ሌላ ነገር አመጣ። አጎቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዓርብ ከደሴ ይገባል፣ እሑድ ይመለሳል። ሳሉ ካልተወው አብሮት ሊሄድ ነው። ሰኔ ላይ ትልቁ ፈተና አለበት፤ አሁን ከሄደ ዓመቱ ሙሉ ባከነ ማለት ነው። ከብርድ ሸሽቶ ደሴ የሚገባ ሰው ገና ዛሬ አየሁ ብዬ ቀለድኩ።

«ጋሼ፣ ደሴ ብርዱ ውጭ ነው የሚያድረው» አለኝ። «እዚህ ግን አብሮን ነው የሚተኛው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እኔ ደምሴ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ድል!

ከሥራ እንደወጣሁ ገመዴን ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። እኔ ያሰርኩት ጭነት ከዚህ እስከ አዲስ አበባ አንድ ኬሻ ጥሎ አያውቅም። አንድ ቆርቆሮ ታዲያ ምን አላት? ገመዱን በቤቱ ላይ አሻግሬ በአንድ ወገን ከብረት ካስማ፣ በሌላው አሸዋ ከሞላሁት በርሜል ጋር ወጠርኩት። በግራ በቀኝ፣ አንዴም በሰያፍ። ቤቱ ቁልቁለት ሊወርድ የተዘጋጀ ተሳቢ መስሏል። አንድ ሾፌር መኪናውን አቁሞ መቼ ነው የሚነሣው አለኝ። ተሳፋሪ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው አልኩት።

ቆርቆሮው ጸጥ አለ። ዓሊ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ለመስኮቶቹም ዘዴ አላጣሁም። ጨው ማምረቻው የሚሠራ ወዳጄ ባዶ ኬሻ ሰጠኝ። በላይ በላዩ ደርቤ ወንፊቱ ላይ ሰፋሁት። ባሻ መዝጊያቸውን በጨው አጥበው ይጠጡት።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ጨው።

ነፋሱ ኬሻውን ሲደበድበው አድሮ በውስጡ የቀረውን ሁሉ አራገፈብን። ትራሱ ጨው። ዳቦው ጨው። የሙሉጌታ መጽሐፍ ሲገለጥ ጨው። ሻዩን ቀምሼ መልሼ ተፋሁት። ዓሊ ከንፈሩን ላሰና ከተዋወቅን ጀምሮ የመጀመሪያውን ቀልድ ቀለደ፦ «ጋሼ ደምሴ፣ ዓሣ ብንሆን ኖሮ ዓመት ሳንበላሽ እንቆይ ነበር።» የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነውና ያውቃል። ሳቅን። ሙሉጌታም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ሳል ሆነና አልቆም አለው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። አሰብ ላይ ዝናብ! ዓመቱን ሙሉ ሳይዘንብ ከርሞ የሙሉጌታን ሳምንት መረጠ። ጨው የነካው ኬሻ ውኃ ሲጠጣ አይጠግብም፤ ጠጥቶ ጠጥቶ በሙሉጌታ አልጋ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ የለውም። እኔ በእኔ አልጋ ተኛ አልኩት፤ የእኔም በሌላው መስኮት ሥር ነው።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ሳንባህ ገና ደኅና ነው አሉት፣ መርፌ ወጉት፣ ነፋስ እንዳይነካህ ብለው ሸኙት። ነፋስ እንዳይነካህ። ቤታችንን ቢያዩት እዚያው አስተኝተው ያስቀሩት ነበር።

ኬሻውን ቀድጄ ጣልኩት። ነፋሱ ደስ ብሎት ገባ።

ዓርብ፣ ጥር 19

አጎትየው ደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል። ከበሩ ቆሞ ቤቱን ዙሪያውን አየና እህቴ ይህን ብታይ እኔን ነው የምታስረኝ አለ። ሙሉጌታን እሑድ ጠዋት ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ ብሎት ሄደ።

ሙሉጌታ መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ከተተ። ያስተማረኝባትን የፊደል ገበታ ከግድግዳው አውርዶ እኔ አልጋ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ገመድ አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እሰርልኝ። እንዳንተ የሚያስር የለም።»

አሰርኩለት። አላልቼ ነው ያሰርኩት። በሕይወቴ የላላ ቋጠሮ ቋጥሬ አላውቅም፣ እጄ እንዴት እንዳደረገው እንጃ። ዓሊ አይቶታል። ዝምታው ዛሬ ከስድብ ይብሳል።

በማታው ክፍል ስንቶች ነበርን? ሁሉም ሲስቅብኝ «ሀ»ን እጄን ይዞ ያጻፈኝ ይህ ልጅ ነው። አሁን የሚሄደው ነፋስ ስለበዛ አይደለም። እኔን አንዲት ቃል ስለከበደችኝ ነው።

እንግዲህ እዚህ ልጻፈው፦ በርዶኛል። ከኅዳር ጀምሮ በርዶኛል። ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው።

መጻፍስ ቀላል ነው። ደብተር አይስቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ተናገርኩ።

ባሻ እንደ ልማዳቸው ሐጂ ሱቅ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጠዋል፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። ሁለት ሾፌሮች ሲጋራ ይገዛሉ። አንዲት ሴት ላምባ ታስቀዳለች። ሰው እስኪቀንስ ብዬ አንድ ጊዜ አለፍኩ። ተመለስኩ። እንዲያውም ጨመረ። ባሻን ጤና ጠየቅሁ፣ ፍየላቸውን ጠየቅሁ፣ የፍየሏን ጤና ደግሜ ጠየቅሁ። ባሻ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩኛል። ያውቃሉ።

«ባሻ፣ በረደኝ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«በረደኝ አልኩዎ።»

ሾፌሮቹ ዞሩ። ባሻ ወደ ሱቁ ቀና ብለው ሐጂ ሰማህ ወይ አሉ። ሐጂ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳይነቅል፣ «ሰምቻለሁ። ወላሂ እኔንም በርዶኛል» አለ።

«እንግዲያ ደብረ ብርሃን አልተወለድክማ።»

«አልተወለድኩም።»

«የት ነው ታዲያ የተወለድከው?»

«እዚሁ አሰብ ነው ባሻ። በሐምሌ።»

ባሻ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሾፌሮቹ ሳቁ፣ ሴትዮዋ ላምባዋን ልትደፋው ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? የሚገርመው ግን መሬት አልዋጠችኝም። ባሻ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ተነሡና ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔ ከኅዳር ጀምሮ ነው የምጠብቅህ።»

መዝጊያዎቹ አልተጣሉም። አንዱ ጓዳቸው ውስጥ በሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሌላው የፍየሏ ቤት በር ሆኗል። ፍየሏ አልወደደችውም፣ ግን ነቀልነው። ባሻ ማርቴሏቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ሁለቱንም መስኮት ገጠሙ፣ የበሩን ማጠፊያ ሠሩ፣ ቆርቆሮውን መቱት። ገመዴን ልፈታ ስል ተወው አሉኝ፤ አስተሳሰሩ ጥሩ ነው፣ ይቆይ። ይህን ያሉት ዓሊ በሰማበት ነው። ይመዝገብልኝ።

ለመታጠቢያው በር ጣውላ አልተረፈም። መዝፈናችን ይቀጥላል።

አመሻሽ ላይ አጎትየው መጣ። ቁጭ አለ። ሻይ ጠጣ፣ ጨው የሌለበት። ጥቂት ቆይቶ ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ኮቱን ብቻ ነበር የማየው። ቀጥሎ ሙሉጌታን ጠየቀው፣ ምን ይሻልሃል ብሎ። ሙሉጌታ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ፈተናዬን ብጨርስ ይሻለኛል አለ። አጎትየው በሚመጣው ጉዞዬ ሳሉን ካገኘሁት እንደ ኬሻ ጭኜ እወስደዋለሁ አለን። ተስማማን።

እሑድ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ናት። ነፋሱ እንደወትሮው ውጭ ይጮኻል፤ ውጭ።

መኪናው በጠዋት ሄደ። አጎትየው ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋልን። ሙሉጌታ ካርቶኑን ሊያነሣ ሲል ገመዱ በራሱ ተፈታና መጽሐፉ ሁሉ ወለል ላይ ተዘረገፈ። ዓሊ እየለቀመ፣ ከእጅህ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር አለኝ። ሙሉጌታ አንዴ ገመዱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ የፊደል ገበታዋን ወስዶ በቦታዋ ግድግዳው ላይ ሰቀላት።

ዛሬ ያሳለው ጥቂት ነው። ከቁርስ በኋላ ብቻ፣ እሱም ስለሳቀ። ፍየሏ በሯን ፍለጋ መጥታ መስኮታችን ሥር ቆማ ነበር። ባሻ ሌላ ይሠሩላታል።

ወደብ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ሾፌሮቹ «የአሰቡ ተወላጅ» ብለው ተቀበሉኝ። አዎ፣ እትብቴ እዚሁ ነው የተቀበረው፣ ቦታውን ላሳያችሁ ወይ አልኳቸው። ስም ከወጣልኝ አይቀር የባሕር ዳርቻ ከተማ ስም ይሁን።

አሁን ተቀምጬ እጽፋለሁ። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ እስክሪብቶው ሲንፏቀቅ ይሰማኛል። ሙሉጌታ መጽሐፉን ይዞ እንቅልፍ ወስዶታል። ዓሊ ሸሚዙን አወለቀ። እኔም የአንገቴን ላብ እየጠረግሁ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ፋኖስ፣ ሁለት የተዘጋ መስኮት። የባሻ ጣውላ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አየር የሚባል አያሳልፍም።

ዓሊ አየኝ። እኔም አየሁት። ሌላዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳለች።

አልናገራትም። እስከ ሐምሌ እይዛታለሁ።