ለአሰልጣኙ ያወረድኩት ሙሾ

ኅዳር 7

ዛሬም ተሸነፍን። ያውም በገዛ ሜዳችን። ልብስ ስፌቴን ዘግቼ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ ችዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው? አሰልጣኝ ይሻው እጁን አጣጥፎ ቁጭ። ጎል ሲገባበት እንኳ አይነሣም። ደረጄን የሚያህል አጥቂ ለምን ተጠባባቂ እንደሚያደርገው እሱና ፈጣሪው ይወቁ... ግትር! "ይውጣልን!" ብለን ጮኽን። ማን ሰምቶ። በዚህ ሰው የተነሣ እራት እንኳ አይወርድልኝም።

ኅዳር 14

ጉድ ሠራሁ ዛሬ! ሦስተኛው ጎል ሲገባብን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብድግ አልኩ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያገር አልቃሽ ነበረች። ድምፄ የሷ ነው። ጓደኛዬ ሙላቴ የደጋፊውን ከበሮ ረገብ አድርጎ መታልኝ። አወረድኩት፦

እናቱን ጥሩልኝ ታልቅስ ከሜዳው፣
ይሻው አንቀላፋ ቀለለን ዕዳው።

ደጋፊው ደረቱን እየደቃ ተቀበለኝ። ሳቅ በሳቅ። ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል። ይሻው ዞር ብሎ አየኝ... አልተቆጣም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ኳስ የማያመልጣቸው መሪጌታ ታደሰ አጠገቤ ነበሩ። "ተይ ልጄ፣ በቁም ሰው ሙሾ አይወርድም" አሉኝ።

"እኔ የማለቅሰው ለቡድናችን ነው የኔታ" አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ኅዳር 16

ተባረረ! ተመስገን አምላኬ! ሙላቴ ነው የደወለልኝ። "ሙሾሽ ቀበረው!" አለኝ። ቀሚስ ልትለካ የመጣችውን ደንበኛዬን አቅፌ ጨፈርኩ። ትከሻዬ ላይ የተጫነ ኩንታል የወረደ ያህል ነው። የጾም ሽሮዬ እንኳ ጣፈጠኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በደንብ በላሁ።

ኅዳር 24

በአዲሱ አሰልጣኝ አሸነፍን። ደረጄ አገባ። "ሙሾውን! ሙሾውን!" አሉኝ። አፌን ስከፍት እምቢ አለኝ። ምን ነካኝ?

ይሻው አገሩ አንበሳሜ፣ እናቱ ዘንድ ገብቷል አሉ። ስልኩም ዝግ ነው። ለምን እንደደወልኩለት እኔም አላውቅም...

ኅዳር 28

ማሽኑን ስረግጥ የሚወጣው ድምፅ ያው ነው። እናቱን ጥሩልኝ... እናቱን ጥሩልኝ... ቆም ሳደርገው ደግሞ ከጀርባዬ ሰው የሚቀበል ይመስለኛል። ዞር እላለሁ። የተሰቀለ ቀሚስ ብቻ። ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈርቻለሁ።

ታኅሣሥ 3

ከአንበሳሜ የመጣች ሴት ጨርቅ ሰጥታኝ ወሬ ጀመረች። የይሻው እናት ሐዘን ተቀምጠዋል አለችኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

"ይሻው ሞተ እንዴ?"

"ኧረ አለ! ሞተ የሚሉት እሳቸው ናቸው እንጂ። ዓይናቸው አያይ... ገበያ ላይ ከሰው ስልክ ሙሾውን ከነስሙ ሰሙት። መርዶ መስሏቸው ወደቁ።"

"ታዲያ ሰውየው ቤቱ ገባ አይደል?"

"ገባ። አላመኑትም። የልጄን ድምፅ ይዞ የመጣ ነገር ነው ይላሉ።"

እኔ መሆኔን አላወቀችም። ልኬቷን ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ታኅሣሥ 5

አንበሳሜ ሄድኩ። ይሻው በር ላይ ቆሞ ነበር። ወዲያው አወቀኝ። ስድቡን ጠበቅሁ... አልሰደበኝም። ከስቷል።

"ግቢና ንገሪያት። እኔን እምቢ ብላለች። ያለቀሰችው ራሷ ልጅሽ በሕይወት አለ ካለቻት ትሰማ ይሆናል" አለኝ።

እናቱ፣ እማማ ሙሉ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ይሻውን "እንግዳው፣ አረፍ ይበሉ እንጂ" ይሉታል። የወለዱትን ልጅ አንቱ! እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

"እማማ፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለቀልድ ነው። ይኸው ልጅዎ፣ አጠገብዎ ነው!"

"አንቺ ነሽ?" አሉ። እጄን ፈልገው ያዙና ሳሙት። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። አገር ሁሉ ሲስቅ አንቺ ብቻ አለቀስሽለት። ለአርባውም አትቅሪብኝ።"

ይሻው ወጥቶ ሄደ። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ በስንት ጣዕሙ...

ታኅሣሥ 9

ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደቱን ጀምሬያለሁ። እንቅልፍ ግን የለም።

ታኅሣሥ 24

ጨዋታ ነበር፣ አልገባሁም። አሸንፈናል ብሎ ሙላቴ ደወለ። ስንት ለስንት ብዬ አልጠየቅሁትም።

ለአርባው አንበሳሜ ነበርኩ። እማማ ሙሉ ጠላ አስጠምቀው፣ ንፍሮ አስቀቅለው ጠበቁን። ቄሶቹ "በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት የለም" ብለው አልመጡም። ጎረቤትም ፈርቶ ቀረ። ጎጆው ውስጥ ሦስት ብቻ... እሳቸው፣ እኔ፣ ይሻው።

"በይ አልቅሺለት" አሉኝ። ይሻውን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ "አልቅሺ። ሙሾውን ሳልሰማ እህል አልቀምስም ብላለች" አለኝ።

እንደ እማዬ፣ እንደ ደንቡ አወረድኩት። የዛሬው ቀልድ የለበትም። የሙሾውን ቤት ጨርሼ ዝም ስል የሚቀበለኝ ጠፋ። እማማ ሙሉ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

ይሻው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ተቀበለኝ።