ጫማሽን የዋጠው ሜዳ

ውድ እታለም፣

ይህን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ መቀሴን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ። ልጆቹም እኔም ደህና ነን፤ የሚሰፋው ልብስም እስከ ጣሪያ ተከምሯል። «አጠር አድርጊው» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ይህ አጥሮ አይሆንም።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን የማዘጋጃ ቤት መሬት ታስታውሻለሽ፣ በአቋራጭ የምናልፍበትን። የስፖርት ሜዳ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበና መሬቱ ይመች እንደሆነ የሚገመግም ኮሚቴ ተቋቋመ። ነዋሪውን ወክዬ የገባሁት እኔ ነኝ። አትሳቂ። የመረጡኝ «እሷ ከገባች የተባለው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይደርሰናል» ብለው ነው። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኝ ነበር፤ መሬቱ አይመችም ከተባለ ለመኪና ማቆሚያ ሊሰጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች ደግሞ የሚሮጡት አስፋልት ዳር ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ነው። የእኔዋም ትንሿ አብራቸው አለች።

መሐንዲሱ በበጋ መጣ። መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገና «እንደ ጠረጴዛ ነው፣ እንከን አይወጣለትም» አለ። ፕላኑን ሲዘረጋው የመሮጫው መም ልክ ታችኛው ጥግ ላይ አርፏል። ይጽደቅ ብሎ ሁሉም እጁን ሲያወጣ የእኔ እጅ አልነሳ አለኝ። ብናገር ሜዳው ሊቀር ነው። ዝም ብል ደግሞ ልጆቹ በክረምት መሙ ላይ ዋና ሊማሩ ነው።

«እዚያ ጥግ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛል» አልኩ።

«በምን አወቁ እትዬ?» አለኝ መሐንዲሱ።

«ጫማ ውጦብኛል።»

«የማንን ጫማ?»

እንግዲህ አርባ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን በሰው ፊት ዘረገፍኩት።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ባለ ማሰሪያውን አዲስ ጫማሽን ሳልነግርሽ አጥልቄ ወጣሁ፤ እግሬ ውስጡ እየዋኘ። በአቋራጩ ሳልፍ ጭቃው የግራውን ጭልጥ አድርጎ አስቀረው። እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ ብፈልግ አጣሁት። ቤት ስገባ «ውሻ ይዞት ሮጠ» አልኩ። እማዬ «ጫማ ደጅ የሚያስቀምጥ ማን ነው?» ብላ አንቺን ተቆጣች። አንቺ ግን በሳፋ ውሃ ቀድተሽ እግሬን አጠብሽልኝ። ጭቃው ጉልበቴ ድረስ ነበር። ታውቂ ነበር፣ አይደል?

በሳምንቱ የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ነበር። «ድሮም ሩጫ አልወድም» ብለሽን ቀረሽ። አንቺ እኮ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ስትላኪ የምትሮጪ ልጅ ነበርሽ።

ኮሚቴው ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም፤ የስፖርት አስተማሪያችን የነበሩት ጋሼ ፊሽካ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ፊሽካዋ ግን አሁንም አንገታቸው ላይ ናት።

«ለእኔስ ‹እግሬን አሞኛል› ነበር ያለችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ጫማ የለኝም ብትለኝ የእህቴን አመጣላት ነበር። ስንት ጊዜ እግሯ ተሻላት ይሆን ብያለሁ።» ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «በል አስቆፍራ፤ ሜዳውም ፈረሱም ይኸው።»

አስቆፈረ። ሁለት ክንድ ሳይወርዱ ውሃ የሚይዝ ጥቁር የዋልካ አፈር ወጣ፣ በዚያ በጋ እንኳ እርጥብ። ጫማሽ አልወጣም፤ እኔማ አንገቴን አስግጌ ስጠብቅ ነበር።

«ይህ አፈር መም አይሸከምም። ወደ ላይኛው በኩል እንዳንገፋው ደግሞ ቦታው ያጥራል» አለና መሐንዲሱ ፕላኑን መጠቅለል ጀመረ። ወይ ይቺ አፌ፣ አልኩ በልቤ። የልጄ ፊት ድቅን አለብኝ።

ግን ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ጨርቅ አጠረ ተብሎ አይጣልም፣ ዞሮ ይቆረጣል። «ቆይ የእኔ ልጅ፣ አትጠቅልለው» አልኩት። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁ፤ በተሳለው ሜዳ ልክ ጋዜጣ ቆረጥኩና ፕላኑ ላይ አኖርኩት። በቁመቱ አልገባም። በአግድሙም አልገባም። መሬቱ እንደ እጅጌ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ጋዜጣውን ወደዚያ ሰያፍ ሳዞረው ቁጭ አለ። ጥጉ ብቻውን ውጭ ቀረ።

መሐንዲሱ በማስመሪያ ለካ። ደግሞ ለካ።

«እትዬ፣ የት ነው የተማሩት?»

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በኋላ የሰው ወገብ ላይ።»

ማክሰኞ ዕለት ግምገማው ጸደቀ፣ እታለም። ሜዳው ሊሠራ ነው። በጥጉ በኩል የውሃ መውረጃ ቦይ ይወጣለታል፤ መሐንዲሱ ፕላኑ ላይ በእርሳስ «የጫማ ጥግ» ብሎ ጽፎበታል። ትንሿ ልጄ ስትሰማ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ሩጫዋ ቁርጥ አንቺን ነው። ጋሼ ፊሽካ ደግሞ ሜዳው ሲመረቅ መጀመሪያ እናቶች ይሮጣሉ ብለው መዝገብ ከፍተዋል። አንደኛ ተራ ላይ አንቺን ጽፈው ጎኑ ላይ «እግሯ ከተሻላት» ብለዋል።

በሰው ፊት በአንድ ትንፋሽ የተናገርኩትን ለአንቺ ሳልናገር አርባ ዓመት መቆየቴ ያሳፍረኛል። አፌ ለሁሉም ሰው ሥራ አይፈታም፤ አንቺ ጋ ሲደርስ ብቻ ይህችን አንዲት ነገር እየዋጠ ኖረ። ይቅር በይኝ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጫማ አለ፣ የግራው። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው፣ እግርሽ ካልተለወጠ። የቀኙ እኔ ጋ መስኮቱ ላይ፣ ከክር ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እሱን አልልከውም። መጥተሽ ውሰጂ።

ጫማሽን ይዞ የሮጠው ውሻ፣
ታናሽ እህትሽ